የሰደርያው ትንፋሽ

ጥቅምት 6

አባባ፣

እንዴት ነህ? ሳሉ እንዴት አደረገህ? እኔ ደህና ነኝ። አታስብ፣ እበላለሁ፣ በደንብ እተኛለሁ። (ሁለተኛው ትንሽ ግነት አለበት።)

«ጎኔ ላይ የሰፋሽብኝ ነገር ከምንድን ነው የተሠራው? ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል?» ላልከኝ ይኸው ቁጭ ብዬ ልመልስልህ። ከሰደርያው በስተግራ፣ ከጎድንህ ላይ ያለችው ጥቁር ቁራጭ ባትሪ ናት። አንተ ባትሪ ስትባል የምታውቀው ድፍን ብረት ነው። ይቺ ግን እንደ ጨርቅ ትታጠፋለች፤ እንደገናም ትሞላለች።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እንደ ማር የሚሳብ ፈሳሽ መርፌ ባለው ስሪንጅ እንሞላለን፤ መርፌው ላይ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ እንለቅበታለን። ያን ጊዜ ጠብታዋ መውደቋን ትታ ትሾላለች። ከጫፏ ክር ይወረወርና አየር ላይ እየተገረፈ፣ እየቀጠነ ሄዶ ፊት ለፊቱ በሚሽከረከር ከበሮ ላይ ይጠመጠማል። ክሩ በዓይን አይታይም። ከፀጉር በብዙ እጥፍ ይቀጥናል፤ እኛ ናኖ ፋይበር እንለዋለን። የምታየው ከበሮው ቀስ እያለ ሲነጣ ብቻ ነው፣ ጉም ያረፈበት ይመስል። ዝናብ ሲዘንብ ግን አየሩ ይረጥብና ክሩ ይቋጠርብናል፤ የዚያን ቀን ሁላችንም ኩርፊያ ነን።

ያንን ነጭ ጨርቅ ልጠን አየር በሌለው ምድጃ እናከስለዋለን፤ ኤሌክትሪክ በከሰል ላይ ይሄዳላ። ራስ ምታታችን እዚያ ላይ ነው። ከሰል ይሰበራል። እኔ የሚታጠፍ ከሰል ነው የምፈልገው።

ለጎረቤትህ ለቆርቆሮ ቀጥቃጩ ሥራዬን ስትነግረው «ፀጉር ሰንጣቂ ሲሉ እሰማ ነበር፣ ደሞዝ የሚከፈልበት መሆኑን ግን አላውቅም» አለ ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። ላቦራቶሪ ውስጥ ሁሉም ሰው ይህን ሰምቶ ስቋል። አንተ ራስህ ያልካትን ደግሞ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌያታለሁ፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል ነበር፤ የእኔዋ ሸረሪት ግን መብረቅ ልታስር ነው።»

አባባ፣ ዕድሜህን ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ የፈተልከው ጥጥ ሳንባህን ጎዳው፤ የመኪናው ጩኸት ደግሞ ጆሮህን ወሰደ። በስልክ ሳዋራህ «ሃሎ» ብቻ ነው የምትለኝ። ስለዚህ ደብዳቤ ይሻለናል። ሰደርያው ደረትህ ሲሰፋና ሲጠብ ይቆጥራል፤ ውስጡ ባለችው ትንሽ የማስታወሻ ካርድ ላይ ይመዘግባል። ትንፋሽህ ከወረደ ደግሞ ሰፈር እስኪሰማ ይጮሃል። አትቆጣው፣ ሥራው ነው።

ለባለቤትህ ለእትዬ ሰላም በልልኝ። ካርዱን በየወሩ በፖስታ ይላኩልኝ፤ መቀየሪያ የላክሁልህ ሁለተኛዋ ባትሪ ሁልጊዜ ተሞልታ ትቀመጥ።

ሸረሪትህ

ኅዳር 4

ለልጃችን፣

ጤናሽን እንዴት ሰንብተሻል? ቅዝቃዜው እንዴት ያደርግሻል? ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ መልሱን ያዘገየሁት እኔ ነኝና ይቅርታ አድርጊልኝ። መጻፍ ልማዴ አይደለም። አውቶቡስ ተራ ትኬት ስቆርጥ በኖርኩበት ዘመን ከመቀመጫ ቁጥርና ከሰዓት በቀር ጽፌ አላውቅም።

እሱ ለምን አልጻፈም ትያለሽ። እጁ ከእንግዲህ ብዕር አይይዝም። ደብዳቤሽን ግን አልጋው አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩት። የሚቋጠረው ክርና የኩርፊያችሁ ነገር ላይ ስደርስ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሳሉን ጠይቀሻል። ሳሉ ቆሟል። ሌሊቱን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ አይሰማም። ቤቱ ጸጥ ብሏል።

ካርዱን በፖስታው ውስጥ አድርጌዋለሁ። ባትሪዋን በሁለተኛዋ ቀይሬያታለሁ። ቀጥቃጩ ሰላም ብሎሻል፤ ሌላም ሌላም ብሏል፣ እሱ ሲያወራ አያልቅም።

ራስሽን ጠብቂ። ብርድ ላይ ጫማሽን አውልቀሽ አትቁሚ ይል ነበር አባትሽ፤ ስላልጻፈልሽ እኔ ልጻፍልሽ።

የአባትሽ ባለቤት

ኅዳር 22

ለእትዬ፣

ደህና ነዎት? ፖስታዎ ሲደርሰኝ ደስታዬን የምነግረው ሰው አጥቼ ለጽዳት ሠራተኛዋ ነገርኳት።

ካርዱን አየሁት። መጀመሪያ ላይ ያው የማውቀው ነው፤ አጭር አጭር፣ የተጨነቀ ትንፋሽ። መሃል ላይ አንድ ቀን ያህል ባዶ አለ፤ ባትሪ ሲቀይሩ ረስተውት ይሆናል፣ ግድ የለም። ከዚያ በኋላ ያለው ግን እትዬ፣ ሌላ ሰው ነው! ጥልቅ ነው፣ ረጅም ነው። አለቃችንን ጠርቼ አሳየሁት። ሰውዬው በሕይወቱ ፈገግ ብሎ አያውቅም፤ የዚያን ዕለት ግን መነጽሩን አውልቆ «አባትሽ ምን ቢያገኙ ነው?» አለኝ። እኔም ልጠይቅዎት፣ ሐኪሙ መድኃኒቱን ቀየረለት እንዴ? ወይስ የአየሩ መለወጥ ነው?

ባትሪዋም አልደከመችም። ጥልቅ ትንፋሽ ማለት ብዙ መታጠፍ ማለት ነው፤ ብዙ ታጥፋም ያው ናት። ከአሁን በኋላ ለሌሎች በሽተኞች የማልበሱ ነገር እየተነሣ ነው።

አንድ ልመና አለኝ። ብዕር ካልያዘ እርስዎ እጁን ደግፈው ሁለት መስመር ያስጽፉልኝ። እሱ ካልሆነም ፊርማውን ብቻ። የተንጋደደ ቢሆንም ግድ የለኝም። ሁለት ጊዜ ደውዬ ነበር፤ አላነሱም። ገበያ ወጥተው ይሆናል።

ስለ እርስዎ ጤና ጠይቄ እንደማላውቅ አሁን ገና ልብ አልኩ። እንዴት ነዎት?

ሸረሪቷ

ታኅሣሥ 10

ለልጃችን፣

እኔ አለሁ። ስለጠየቅሽኝ አመሰግናለሁ። ጉልበቴ ያው ነው፤ ደረጃ ስወጣ ይጮሃል፣ ስወርድ ይሰድበኛል።

መድኃኒቱን ካቆመ ሰንብቷል። ሐኪሙም አይመጣም፤ ከእንግዲህ የእኔ ሥራ የለም ብሏል። ሕመሙ ትቶታል። እረፍት ላይ ነው።

ፊርማውን ማድረግ አልቻልኩም። ሞክሬ ነበር እንዳልል ውሸት ይሆንብኛል።

ስልኩን ገበያ ሄጄ አይደለም ያላነሳሁት። አጠገቡ ቆሜ ነበር። ድምፅሽ የእሱን ይመስላል።

እኔም አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ሞኝ ናት እንዳትይኝ። ትንፋሹ እዚያ ስታዪው ምን ይመስላል? እንደ ጽሑፍ ነው ወይስ እንደ ሥዕል? ያ ሰው ይህን ያህል ጊዜ ተነፈሰ ብሎ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ያየዋል ማለት ነው? በየቀኑ?

ካርዱ ከዚህ ጋር አለ።

የአባትሽ ባለቤት

ጥር 2

ለእትዬ፣

አዎ፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ያየዋል። እኔ ነኝ። ካርዱ ከደረሰ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሻዬን ይዤ የአንድ አንድ ቀኑን እየከፈትኩ አየዋለሁ። ሥዕል ነው የሚመስለው፤ ሕፃን የሣለው ተራራ፣ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ የሚል።

ካየሁት ውስጥ ያልገባኝ ነገር አለ። ለአለቃዬ ሳልናገር ለእርስዎ ልጻፍ ብዬ ነው።

ከሰዓት በኋላ፣ አባባ ሸለብ የሚያደርግበት ሰዓት ላይ ተራራው ይሰባበራል። አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ይስብና በቁርጥራጭ ያወጣዋል፤ ደግሞ ይስባል፤ ደግሞ በቁርጥራጭ። መሣሪያው ተበላሽቶ መስሎኝ ነበር። እዚህ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከኋላዬ አልፋ ስትሄድ አየችውና «ይሄማ እያለቀሰ ያለ ሰው ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር መስሎ ሊታየኝ አልቻለም። አባቴ ለምን ያለቅሳል? በየቀኑ?

ይህን ልጠይቅዎት ብዕር አንሥቼ ሳለሁ ሌላም ሌላም አየሁ። ጠዋት ጠዋት ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ደረጃ እንደሚወጣ፣ ዕቃ እንደተሸከመ ሰው። አባባ ከአልጋው ከወረደ ዓመት ሊሆነው ነው። የጓሮውን ደረጃ በምን ጉልበቱ ነው የሚወጣው?

ደግሞ የእሱ ትንፋሽ መጨረሻዋ ላይ ትንሽ መንጠቆ ነበረቻት። ልጅ ሆኜ በግድግዳው በኩል እሰማት ነበር፤ እሷን ስሰማ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ። ከባዶው ቀን በፊት መንጠቆዋ አለች። ከዚያ በኋላ ፈለግሁ ፈለግሁ፣ አጣኋት። የሚፈልገውን ብቻ የሚያይ ሰው ሆኜ እንጂ መጀመሪያ ቀን ማየት ነበረብኝ።

እትዬ፣ ሰደርያውን የለበሰው ማን ነው?

ጥር 15

ልጄ፣

እኔ ነኝ።

አባትሽ ጥቅምት ዘጠኝ ቀን ከሰዓት በኋላ በእንቅልፉ አለፈ። ፊቱ ሰላም ነበር። ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ አይደለም፣ ስላየሁት ነው። ስለ ክሩ የጻፍሽው ደብዳቤ የደረሰው ከቀብሩ በኋላ ነው። አልጋው አጠገብ ቁጭ ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩት ያልኩሽ እውነት ነው። አልጋው ግን ተነጥፎ ነበር።

ለምን አልነገርሽኝም ትያለሽ። ሕመሙ የጠናበት ሰሞን «ሸረሪቷ ሥራዋን ሳትጨርስ ምንም እንዳትነግሪያት» ብሎኝ ነበር። እሱ ያለው ስለ ሕመሙ ነው። እኔ ቃሉን ይዤ ወደ ሞቱም ጎተትኩት። ቀጥቃጩ በየቀኑ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ይጠይቀኛል።

«ለልጅቱ ነገርሻት?»

«ነገ።»

«ይሄ ነገሽ አያልቅም እንዴ? መርዶ ሲቆይ ይሻግታል እኮ!»

«አንተ ቆርቆሮህን ቀጥቅጥ!»

እንዲህ ብዬ በሩን ዘግቼበት እገባለሁ። እሱ ነበር ትክክል።

ሰደርያውን የለበስኩት አንቺን ለማታለል ብዬ አልነበረም፤ መጀመሪያውስ አልነበረም። ከቀብር ስንመለስ ሰው ሁሉ ሲወጣ ወንበሩ ላይ ተሰቅሎ አየሁት። ጠረኑ አለበት። ሁለተኛዋን ባትሪ አደረግሁበትና ለበስኩት፤ የሰደርያው አረንጓዴ መብራት ስትበራ የሆነ ነገር «አለ» ያለ መሰለኝ። ካወለቅሁት ደግሞ ትጠፋለች። ነገ አወልቀዋለሁ፣ ነገ አወልቀዋለሁ ስል ወሩ ሞላና ካርዱ የሚላክበት ቀን ደረሰ። ሳልልክ ብቀር ትጨነቂያለሽ ብዬ ላክሁት። አንቺም ተሻለው ብለሽ ደስ አለሽ። እንዲያ ደስ ብሎሽ ጽፈሽልኝ አታውቂም ነበር።

የማለቅሰው እኔ ነኝ። የጓሮውን ደረጃ የምወጣው እኔ ነኝ፤ የታጠበ ልብስ ተሸክሜ። እዚያ ማዶ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እንደሚያየው አላወቅሁም ነበር። ካወቅሁ በኋላ ደግሞ ይቅር በይኝ፣ ማውለቅ ይበልጥ አቃተኝ።

ያ ውብ ፊርማው ያለበት አሮጌ ወረቀት ቤት ውስጥ አለ። ቆርጬ ልልክልሽ አስቤ ነበር። ያንን እንኳ አላደረግሁትም።

የአባትሽ ባለቤት

ጥር 29

ለአባቴ ባለቤት፣

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደብዳቤዎችዎን እንደገና አነበብኳቸው። ሳሉ ቆሟል። ሕመሙ ትቶታል። እረፍት ላይ ነው። አንድም ውሸት አላገኘሁባቸውም። ባገኝ ይሻለኝ ነበር።

እኔ ዘንግቼ ስስቅ፣ ስበላ፣ ለአለቃዬ «አባቴ ተሻለው» እያልኩ ስዘል እሱ አፈር ውስጥ ነበር። ከሦስት ወር በላይ! አንድ ሰው ለቅሶ ሳይቀመጥ፣ ጥቁር ሳይለብስ ሐዘንተኛ የሚሆነው እንዴት ነው? ባልደረቦቼ «መቼ?» ይሉኛል። ጥቅምት ስላቸው ግራ ገብቷቸው ያዩኛል። ጽዳት ሠራተኛዋ ብቻ ምንም ሳትጠይቅ አጠገቤ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

እናቴ ከሞተች በኋላ እርስዎ ወደዚያ ቤት ሲገቡ እኔ ለትምህርት ወጣሁ። እትዬ እልዎታለሁ፣ እርስዎም ልጃችን ይሉኛል፤ በመካከላችን ግን እሱ ባይኖር ሰላምታም አይኖርም ነበር። አሁን እሱ የለም። ታዲያ ስለ እኔ ለመወሰን ማን ፈቀደልዎት?

ይህን ያህል ተናግሬ ይብቃኝ። የማልክደው አንድ ነገር አለ፤ እሱን ሳስብ ብቻ ነው ትንሽ እንቅልፍ የሚወስደኝ። የእጄ ሥራ እስከ መጨረሻው ጎኑ ላይ ነበረ። ትንፋሹ ሲወርድ ጮኾ ጠርቶዎታል፤ ደርሰውለታል፤ ብቻውን አልሄደም። ለአለቃዬም ይህንኑ ነግሬዋለሁ። የእርስዎ ትንፋሽ የገባበትን መዝገብ ለይተን አውጥተናል፤ የባትሪዋ ፈተና ግን እንዳለ ይቆያል፤ «ባትሪው የማን ደረት እንዳጠፈው አይጠይቅም» አለኝ አለቃዬ። በሚቀጥለው ወር ሆስፒታል ውስጥ ሳንባቸውን ለታመሙ ሕፃናት እናለብሳለን። እናቶቻቸው ከአሁኑ ልኬት እየሰጡ ነው።

መልስ አያስፈልግም።

የካቲት 7

ልጄ፣

መልስ አያስፈልግም ብለሽ ነበር። ሕፃናት ባይኖሩበት ኖሮ እታዘዝሽ ነበር።

ሰደርያው አልጮኸም።

እንዳታለብሻቸው። እናቶቹ ጆሯቸውን በእሱ ላይ ጥለው ዞር እንዳይሉ።

ሰደርያውን ሳትልኪልን በፊት በየደቂቃው ገብቼ አየው ነበር። ውኃ ስቀዳ ገብቼ አያለሁ፤ ሽንኩርት ስልጥ ቢላውን እንደያዝኩ ገብቼ አያለሁ። «ሴትዮ፣ ገና አልሞትኩም፣ ሂጂ ሥራሽን ሥሪ» ይለኝ ነበር። ሰደርያው ከመጣ በኋላ ግን አርፌ መሥራት ጀመርኩ። ዝም ካለ ደህና ነው ማለት ነው። እንዲያ አልሽኝ፣ እንዲያ አመንኩ። ወቀሳ አይደለም።

የዚያን ዕለት ሸለብ አደረገው። ግራ ጎኑ ላይ ተኛ፤ እንደ ልማዱ። ልብስ ላሰጣ ጓሮ ወጣሁ። ቀጥቃጩ አጥር ላይ ሆኖ ስለ አንድ ደንበኛው ያወራል፤ የሠራለትን ባልዲ ቀዳዳውን ድፈንልኝ ብሎ መልሶ ስላመጣው ሰው። እየሳቅሁ ነበር ልጄ። አንሶላውን እያሰጣሁ ከልቤ እየሳቅሁ ነበር። ጆሮዬ ግን ቤት ውስጥ ነው፤ ዝም ብሏል፤ ደህና ነው አልኩ። ገብቼ ሻይ ላፈላ ስል እጁን ነካሁት።

አረንጓዴዋ መብራት ጠፍታለች። ባትሪዋ ሙቀት የላትም። ጠዋት ግን ሞልቼ ነው ያደረግሁለት፤ ረስቼ እንዳይመስልሽ። እኔም ራሴን ስንት ቀን ጠይቄያለሁ፣ ሞልቼ ነው።

ያልነገርኩሽ ይህን ነው። ሞቱንስ ዛሬ ነገ እል ነበር፤ ይህንን ግን እስከ መቃብሬ ይዤው ልሄድ ነበር። ለሰው ልጅ ይህ እንዴት ይነገራል? ሸረሪቷ መብረቅ ልታስር ነው እያለ ሲመካብሽ ለኖረ አባት ልጅ፣ ያሰርሽው ነገር ተፈታ ብዬ እንዴት ልጻፍ? ይልቅ ዝም ልበል፣ እኔን ትጥላኝ ብዬ ነበር።

ያቺን ባትሪ አልጣልኳትም። በጨርቅ ጠቅልዬ በሳሙና ካርቶን ውስጥ ልኬልሻለሁ። ጠረኑ ስላለባት ጨርቁን መልሺልኝ።

መጋቢት 5

ለእትዬ፣

ካርቶኑ ደረሰኝ። ሁለት ቀን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ዞርኩት። በሦስተኛው ከፈትኩት።

ክሮቹን በማጉያ አየኋቸው። መሃሏ ምንም አልሆነም፤ የተፈተለው ጨርቅ እንደተጠላለፈ ነው። ጠርዟ ላይ ግን፣ ከሽቦው ጋር በምትገናኝበት ስፌት ላይ፣ ክሮቹ ተሰባብረዋል። በጣም አክስለናቸዋል። እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ ስናጥፋት የምናጥፈው ከመሃሏ ነው። ግራ ጎኑ ላይ የሚተኛ ከባድ ሰው ግን ከጠርዟ ያጥፋታል። ይህን ማንም አላሰበም፤ እኔም አላሰብኩም። ሲሰበር ኃይሉ በአንዴ ተቋረጠ። ማንቂያውም የሚበላው ከዚያችው ባትሪ ነበር። ስለዚህ የመጮህ ሥልጣን ያለው ነገር መጀመሪያ ራሱ ዝም አለ። እርስዎ ሞልተዋታል። አልረሱም። ይህንን በእጄ ጽፌ እፈርምልዎታለሁ።

እርስዎ ሳይጠይቁኝ የዋሉት ጥያቄ እንዳለ አውቃለሁ፤ እኔም እየጠየቅሁ ነው። ጮኾ ቢሆን ይተርፍ ነበር? አንድ የሳንባ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። «አይታወቅም» አለ። «ምናልባት የዚያን ዕለት። ለስንት ቀን ግን?» አለ። ከዚህ የተሻለ የሚነግረን ሰው የለም።

ከዚያ የመጀመሪያውን ካርድ እንደገና ከፈትኩት። ባዶ ያልኩትን ቀን። ከባዶው ጫፍ ላይ፣ እትዬ፣ አባባ እየተነፈሰ ነው። ያቺ መንጠቆ አለች። ይስባል፣ ያወጣል፣ መንጠቆዋ፤ ይስባል፣ ያወጣል፣ መንጠቆዋ፤ ይስባልና እዚያው ላይ መስመሩ ያልቃል። አወጣጡ የለም። በመዝገቡ ላይ አባቴ አልሞተም፤ ቀድሞ የሞተው ባትሪው ነው። ጠዋት ጠዋት እሱን ሳልከፍት ሥራ መጀመር አቅቶኛል። በከፈትኩት ቁጥር ትንፋሹን ይዞ ይጠብቀኛል። እኔም ሳላውቀው የራሴን ይዤ እገኛለሁ።

ለአለቃዬ ሁሉንም ነገርኩት። «አንድ ባትሪ ነው፤ አንድ ባትሪ ማስረጃ አይሆንም» አለኝ።

«አንድ አባት ግን ይሆናል» አልኩት።

«ልብሶቹ ተሰፍተዋል፤ ቀኑ ተቆርጧል።»

«ያልተሰፋው የእኔ አፍ ነው። ለእናቶቹ እኔ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

በሩን ዘግቶብኝ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ መጣ፤ ሌሎቹን ባትሪዎች ሁሉ ከጠርዛቸው እንድናጥፋቸው አዘዘ። ግማሾቹ ሳምንቱን አልጨረሱም። ሕፃናቱ አልለበሱም። እናቶቹን ሰብስበን ነገርናቸው፤ አንዷ ተቆጣች፣ አንዷ አለቀሰች፣ አንዷ ልጇን አቅፋ ወጣች። አሁን ጠርዙን ሳናከስል በሚለጠጥ ክር እየፈተልነው ነው። ማንቂያው ደግሞ የራሱ ትንሽ ባትሪ ይኖረዋል፤ ትልቋ ስትጠፋ የሚጮኸው እሱ ነው። ዓመት ይፈጃል ይላሉ። ይፍጅ።

ጥር ላይ የጻፍኩልዎትን ቃል ሁሉ መልሼ መዋጥ ብችል እውጠው ነበር። ጨርቁን አልመለስኩልዎትም፤ ይዤው እመጣለሁ። ሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ። መቃብሩን ያሳዩኛል። የማላውቀው ነገር ቢኖር የት እንደምተኛ ነው፤ ከወጣሁ ጀምሮ እዚያ ቤት ውስጥ አንድ ሌሊት አድሬ አላውቅም፤ ሆቴል ልያዝ ወይ?

ሸረሪቷ

መጋቢት 19

ልጄ፣

ምን ሆቴል! ቀጥቃጩ ቢሰማሽ ቆርቆሮውን ጥሎ ይስቅብሻል።

መጥተሽ እስካይሽ የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር ብቻ ስለሆነ ከወዲሁ ልንገርሽ፤ ደንግጠሽ እንዳትሸሺ። ሰደርያውን ደብዳቤሽ የደረሰ ዕለት አወለቅሁት። መብራቷ ስትጠፋ አየኋት፤ ቻልኩት። የእሱን ክፍል ግን አልነካሁትም። እኔ የምተኛው ከበፊት ጀምሮ ሳሎን ነው፤ አንቺም ከእኔ ጋር ሳሎን ትተኛለሽ። ፍራሽ አስደብድቤያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀን ቀን፣ ሥራ ላይ ሆኜ፣ ውኃ እየቀዳሁ ወይም ሽንኩርት እየላጥኩ ድንገት ብድግ እላለሁ። ሳላስበው ነው። እግሬ ራሱ ይወስደኛል። በሩን ገፋ አድርጌ አንገቴን አስገብቼ አየዋለሁ። አልጋው ተነጥፏል። ትንሽ ቆሜ አዳምጣለሁ፤ ከዚያ ቀስ ብዬ ዘግቼ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ያበደች እንዳይመስልሽ። እንደሌለ አውቃለሁ። ግን ያን ጊዜ አልገባሁም ነበርና አሁን እገባለሁ።

ስትመጪ ታዪኛለሽ። ወሬያችንን አቋርጬ ብድግ ብል «የት ነው?» አትበዪኝ። ደስ ካለሽ ተነሺና አብረን ገብተን እንየው።